ጎርፉን የረሳው ጎረቤቴ

ወዳጄ፣ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም እጁን የት ነው የሚያደርገው? ኪሱ ቢከተው ንቀት፣ ቢያጣምረው ኩራት ይመስላል። ቆቦ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተራዬን ስጠብቅ አንዱ ጭንቀቴ ይኸው ነበር። ዋናው ጭንቀትማ ሮቢት፣ ማሳዬ ላይ ነው ያለው፤ ማሽላዬ ፍሬ ሊይዝ ደርሶ ውሃ ጠምቶታል።

እኛ ቆላ ማሳችንን የምናጠጣው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፍን ነው፤ በተራ። ከበላዬ የሚያርሰው ጎረቤቴ አያ እንድሪስ ግን ተራዬን ወሰደብኝ። ከደገመኝ ልጆቼ ዓመቱን ምን ሊበሉ ነው? ከሰስኩት።

ባለቤቴ ዘሀራ፣ አደራህን አትጩህ፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ብላ መክራኛለች። እኔ ግን ገና «ክቡር ፍርድ ቤት» ስል ጮህኩ። ሲጨንቀኝ እጮሃለሁ፣ ምን ላድርግ? ዳኛዋ ዝቅ እንድል በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

አያ እንድሪስ ቀስ ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ እኔን አመሰገነ፤ «ተሳስቶ እንጂ እሱ አይዋሽም» አለ። ቀጥሎ ጥፋቱን አመነ! «ግመሌ አንድ ጊዜ ማሽላውን በልታበታለች፣ አልክድም» አለ። ትንሿን ያመነ ሰው ትልቋን ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጎርፍ እኔን ምን ያደርግልኛል? የጉድጓድ ውሃ ከገባልኝ ወዲህ ረስቼዋለሁ» አለ።

ችሎቱ ሁሉ አመነው። የባሰው ደግሞ፣ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር።

ይኼኔ ከተራራው በኩል ሰማዩ ነጎደ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይፍቀዱልኝ፣ ጎርፉ ሳያመልጠኝ!» አለ አያ እንድሪስ።

«የረሱት ጎርፍ ነው?» አሉ ዳኛዋ። ችሎቱ ሳቀ። ተራው የኔ ነው ተብሎ ተፈረደልኝ።

አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ሮቢት የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ዘለልኩ። ከጎኔ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ራሱ አያ እንድሪስ። አልተቆጣም። ፍርዱ ትክክል ነው፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ አለኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ ማሽላዬ ተጨነቀልኝ።

«የመጀመሪያው ጎርፍ ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣ፤ ማሽላህን ይሰብርብሃል። ድንጋዩ እኔ ላይ ይረፍ፣ ጥሩው ላንተ ይውረድ» አለኝ።

ሮቢት ስንደርስ፣ ወላሂ፣ «በል አንተ ቅደም» ያልኩት እኔው ነኝ።

ጎርፉ የሱን ማሳ አጥግቦ አለቀ። ፍርድ ቤት የረታሁትን ባጃጅ ላይ ተረታሁ። ይግባኙ አሁን ዘሀራ ዘንድ ነው፤ እስከ ዛሬ ልትሰማኝ አልፈቀደችም።