ዲያብሎስ የወደቀበትን ቀን በሙሉ ድምፅ ስለ መወሰናችን

የሰው ልጅ እሳትን አግኝቷል፤ መንኮራኩር ሠርቷል፤ ክትባት አውጥቷል። ዲያብሎስ ከሰማይ የወደቀው በስንተኛው ቀን እንደሆነ ግን ሳያውቅ እስከ እኛ ዘመን ድረስ በጨለማ ሲደናበር ኖሯል። ይህን ነውር ከትውልድ ጫንቃ ላይ የማንሳት ዕጣ የወደቀው በእኛ ማኅበር ላይ ነው። በተለይም፣ ትሕትናዬ አትናገር ቢለኝም፣ በእኔ ላይ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በውሃ መሥሪያ ቤት የቆጣሪ ንባብ ክፍል ምክትል ኃላፊ ነበርኩ። ምክትል የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ እኔንም ዕድሜ ልኬን ይዞኝ ኖሯል።

ነገሩ የተጀመረው በሥዕል ነው። ማኅበራችን አዲስ የጉባኤ አዳራሽ ሠራና ግድግዳው ባዶ ሆኖ ሲያዩት አላስችል አለን። የፍጥረትን ሳምንት በሰባት ክፍል የሚሥል ሠዓሊ አመጣን። ሠዓሊው አንዱን ሥዕል ሳይጨርስ ሌላውን የማይነካ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሥዕል ላይ ዘጠኝ መላእክት ብርሃኑን ከብበው ቆሙ፤ አማሩ፤ አጨበጨብን። ከዚያ ሠዓሊው መወጣጫው ላይ እንደተቀመጠ፣ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ አንድ ነገር ጠየቀን። ከመላእክቱ ሲሶው ከዲያብሎስ ጋር ወድቋል ይባል የለም ወይ፤ እንግዲያው ከስንተኛው ሥዕል ጀምሬ ስድስት ላድርጋቸው?

ጤነኞች ብንሆን ኖሮ እንደመሰለህ ብለነው ወደየቤታችን እንገባ ነበር። እኛ ግን ኮሚቴ አቋቋምን። በማኅበራችን ደንብ መሠረት ግድግዳ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ በሙሉ ድምፅ መጽደቅ አለበት፤ ሚስማር እንኳ ሳይቀር። ሰብሳቢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና መስተዋቱን "ሰብሳቢው" አልኩት። ደግሜም አልኩት፤ አይሰለችም።

ምክትሌ ሰዓት ሠሪው ሆነ። ከሰዓት ሠሪው ጋር ከልጅነት ጀምሮ አንድ ሳንቲም ለሁለት የምንካፈል ወዳጆች ነበርን፤ አሁን ደግሞ አማቾች ልንሆን ነው። የእሱ ልጅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የአዳራሹን መብራት የዘረጋው እሱ ነው። የእኔዋ እዚያው ሕፃናት መዝሙር ታስተምር ስለነበር፣ ከመሰላሉ ሥር ቆማ አምፖል ስታቀብለው ተዋደዱ። ስለዚህ ሠርጋችን እዚያው አዳራሽ ካልሆነ የትም አይሆንም አሉ። እኛም ደስ ብሎን፣ ሥዕሉ አልቆ መወጣጫው ሲነሳ የመጀመሪያው ሠርግ የእናንተ ነው አልናቸው። የልጆቹ ሠርግ በሠዓሊው እጅ፣ የሠዓሊው እጅ ደግሞ በእኛ ኮሚቴ እጅ የገባው በዚህ ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ በታላቅ ክብር ተከፈተ። እኔ የመክፈቻ ንግግር አደረግሁ፤ "ይህ ኮሚቴ ከሰማይ እስከ ምድር ያለውን የመረጃ ክፍተት ይሞላል" የሚል ዐረፍተ ነገር እንደነበረበት አስታውሳለሁ። ስለ ጉዳዩ ራሱ ግን፣ እውነት እንናገር ከተባለ፣ ምንም አቋም አልነበረኝም። ዲያብሎስ መቼ ይውደቅ መቼ፣ መውደቁ ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ ሰዓት ሠሪው ተነሣ። ፈጣሪ በስድስተኛው ቀን ማታ የሠራውን ሁሉ አይቶ እጅግ መልካም መሆኑን ካረጋገጠ፣ እስከዚያች ማታ ያመፀ መልአክ የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ውድቀቱ ከስድስተኛው ቀን በኋላ ነው አለ። ነገሩ ልክ ይመስል ነበር። እኔን የቆጠቆጠኝም ልክ መምሰሉ ነው። ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ወደ እሱ ዞረ፤ ሰብሳቢው እዚህ ተቀምጦ! በዚያች ቅጽበት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዲያብሎስ በመጀመሪያው ቀን ወድቋል ብዬ ሳምን መኖሬ ትዝ አለኝ። ብርሃን ከጨለማ የተለየው ያን ቀን አይደለም ወይ? ጨለማስ የወደቁት ካልሆኑ ማነው? ብዬ ጠረጴዛውን በእጄ መታሁ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ሐሳብ ሰጥቶ ስለማያውቅ "ድምፀ ተአቅቦ" የምንለው ሰውዬ፣ እንደ ልማዱ ድምፁን ቆጠበ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። በመጀመሪያው ቀን ከወደቀ እስከ ገነቱ እባብ ድረስ ምን ሲሠራ ቆየ ተባለ። አዳምና ሔዋንስ ሳይሳሳቱ ስንት ጊዜ ተቀመጡ? ሰዓት ሠሪው ዓመታት ነው አለ። እኔ ግን ከሰዓት በኋላውን እንኳ አልጨረሱም ባይ ነኝ፤ ቆይተው ቢሆን ልጅ ይወልዱ ነበር። ይህን ማስረጃ ቤቴ ጮክ ብዬ ስለማመድ ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች ሰማችኝ።

"አዳም ኮሚቴ ውስጥ ነበር ይሆናል" አለች።

ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ሰዓት ሠሪው፣ በጊዜ ጉዳይ ላይ ባለሙያው እኔ ነኝ፤ ሌላው ባያውቅ አይፈረድበትም አለ። እኔም እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ፣ ሱቅህ ውስጥ ከተሰቀሉት ሰዓቶች ሁለቱ እንኳ ተስማምተው አያውቁም አልኩት። ሰውዬው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሱቁን ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም፤ እኔም ሳውቅ ነው ያልኩት።

"አንተ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የሰው ግቢ ሳትገባ፣ በአጥር ላይ ተንጠራርተህ ቆጣሪ ስታነብ የኖርክ ሰው ነህ።"

ይህ ዓይን ያወጣ ስም ማጥፋት ነው። አጥሩ ድረስ እንኳ ያልሄድኩባቸው ወራት ነበሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ኮሚቴ ሆንን። እኛ የመጀመሪያ ቀኖች በበሩ በኩል፣ እነሱ ስድስተኛ ቀኖች በመስኮቱ በኩል መቀመጥ ጀመርን። ሁለቱም ወገን እውነተኛው ኮሚቴ እኔ ነኝ አለ፤ ሁለቱም ማኅተም አስቀረጸ። ድምፀ ተአቅቦ መሀል ላይ፣ ከመወጣጫው ሥር ወንበር አስገባ። ሠዓሊው በውሉ መሠረት ከሁላችንም ትእዛዝ ይቀበላል፤ ጠዋት እኔ ሳዝዘው የሁለተኛውን ቀን መላእክት ስድስት ያደርጋቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው ሲመጣ ዘጠኝ ያደርጋቸዋል። በመጨረሻ ቀለሙ ስለወፈረ ሦስቱ መላእክት ከወገባቸው በላይ ብቻ ቀሩ፤ ወደ ላይ ይውጡ ወደ ታች ይውረዱ የማይታወቁ ሆኑ። ሠዓሊውም መወጣጫው ላይ ፍራሽ ዘርግቶ መተኛት ጀመረ። ሥራው ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ።

የደብራችን ቄስ ሊገላግሉን መጡ። ልጆቼ፣ ይህ ሳይነገረን የቀረው ስለማይጠቅመን ቢሆንስ አሉ። ለሰጡን ጠቃሚ አስተያየት በሁለቱም ኮሚቴዎች ስም በየፊናችን አመሰገንናቸውና ሸኘናቸው። ከሸኘናቸው በኋላ ቄሱ የማን ወገን እንደሆኑ ስንከራከር ዋልን።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ልጄ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት መጣች። የጠመኔ ዱቄት እጅጌዋ ላይ ነበር። እንደ ልጅነቷ ከወንበሬ ክንድ ላይ ተቀመጠችና ቀን እንድንቆርጥላቸው ለመነችኝ። እጮኛዋ የሠራውን መብራት አብርቶ ማየት እንኳ አልቻለም፤ መወጣጫው ማብሪያውን ጋርዶታል። አዳራሹ ካልሆነም ይቅር፣ ግድ የለኝም አለችኝ።

"ብቻ አንተና የእሱ አባት አንድ ላይ ቁሙልኝ፣ አባዬ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አልዋሽም፤ እጇን ይዤ፣ እሺ ልጄ፣ ነገውኑ ሄጄ እታረቀዋለሁ ልል ነበር። ግን ብታረቀው ስድስተኛው ቀን ሊያሸንፍ ነው። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግሁና እውነት ከሁሉ እንደምትቀድም፣ ትውልድም እንደሚፈርድ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እሺ አባዬ ብላ ግንባሬን ስማ ወጣች። እኔ ያሳመንኳት መስሎኝ ለባለቤቴ፣ አየሽ፣ ልጅ በምክንያት ሲያስረዱት ይገባዋል አልኳት።

ሁላችንንም ያናወጠን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ድምፀ ተአቅቦ አቋም ያዘ። እድሜ ልኩን አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ዲያብሎስ የአጥቢያ ኮከብ ተብሎ ተጠርቷል፤ ከዋክብት የተፈጠሩት በአራተኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ የወደቀው በአራተኛው ቀን ነው አለ። ይባስ ብሎ ሰዎች ራስ ነቀነቁለት። ሰብሳቢነቱ ይገባዋል የሚሉም ተሰሙ። እኔና ሰዓት ሠሪው ከስንት ጊዜ በኋላ ዓይን ለዓይን ተያየን። ይህ መሀይም ነው ትውልዱን የሚመራው? በማግስቱ ጠዋት የጋራ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

በዚያ ጠዋት ባለቤቴ የክት ልብሷን ለብሳ መኝታ ቤት በር ላይ ቆመች። ከልጅቷ ጋር ማዘጋጃ ቤት ነን፣ የልጅህ ጉዳይ ነው፣ ትመጣለህ ወይ አለችኝ። መስማቱንስ ሰምቻለሁ። ዛሬ ታሪካዊ ስብሰባ ስላለብኝ እንደጨረስኩ እደርሳለሁ አልኳት።

"አትቸኩል" አለችኝ።

ስብሰባው በእርግጥም ታሪካዊ ነበር። እኔ ትንሽ ለቀቅ አደረግሁ፤ ሰዓት ሠሪው ትንሽ ለቀቅ አደረገ። ዲያብሎስ በመጀመሪያው ቀን አሰበ፣ ከስድስተኛው ቀን በኋላ ፈጸመ፤ በመካከል ያሉት ቀናት የዝግጅት ምዕራፍ ይባሉ ተባለ። በአራተኛው ቀን የወደቀም ያሰበም የለም የሚል ንዑስ አንቀጽ በእኔ ሐሳብ አቅራቢነት ተጨመረ። እጅ አወጣን። ድምፀ ተአቅቦ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመልሶ ድምፁን ቆጠበ፤ በደንባችን የቆጠበ እንደተስማማ ይቆጠራል። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሁለቱም ማኅተም አንድ ወረቀት ላይ አረፈ። ከሰዓት ሠሪው ጋር ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ተላቀስን። ሠዓሊውን ለማብሰር ቀና ብንል ፍራሹ ላይ የለም።

ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ለልጆቹ ቀን ልንቆርጥላቸው ወደ ቤቴ ሄድን። መንገዱን ሙሉ የሠርጉን ንግግር ማን ቀድሞ እንደሚያደርግ በወንድማማችነት መንፈስ ስንነጋገር ነበር።

በሩ ክፍት ነው። ሳሎኑ ውስጥ የጎረቤት ወንበር ሁሉ ተደርድሯል፤ ሰው ይበላል፣ ሰው ይስቃል። ልጄ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ቀለበት አድርጋ፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጎን ተቀምጣለች። ሠዓሊውም የክብር ቦታ ይዞ ተቀምጧል። ለካ በአባት ምትክ ምስክር ሆኖ የፈረመው እሱ ነው፤ ከሰፈሩ ሥራ ፈትቶ የተገኘ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ቆመው ጠብቀውናል አሉ። ጸሐፊዋ ተራቸው ሲደርስ ሌሎች ሙሽሮችን ሁለት ጊዜ አስቀድማ፣ በኋላ ግን ምሳ ደረሰ፣ አልችልም ብላቸዋለች።

ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ እንደቆመ እንባው ወረደ። ልጁ መጥቶ አባቱን ደገፈው። ለማናቸውም አጋጣሚ ንግግር የማላጣው እኔ ኮቴን አውልቄ ክንዴ ላይ ያዝኩ። ልጄ ተነስታ መጣችና ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ።

"ታዲያ አባዬ" አለችኝ፣ "ወሰናችሁ? መቼ ነው የወደቀው?"

ቀልዷን ቢሆን በተሻለኝ። ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ፤ ይህን ያህል ያደከመኝ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ። ውሳኔው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሁለት ማኅተም አለው። ቀሚሷን አየሁት፤ የጫፉን ስፌት እናቷ መቼ እንደሰፋችው፣ የት ሆና እንደሰፋችው አላየሁም።

"አላውቅም፣ ልጄ" አልኳት።

ኮቴን ተቀበለችኝና ክንዷ ላይ አጠፈችው።

"ይቺን ቃል ያኔ ብትላት ኖሮ" አለችኝ፣ "አዳራሹ ውስጥ እንጋባ ነበር።"