የስቅለት ዕለት ጠጅ

ደንበኛ የበዛለት ቤት እንቅልፍ አይበዛለትም። የሰው ቤት ገበያው ደርቶ ስታዩ «ምን አለባት!» ትላላችሁ አይደል? እኔ የጠጅ ቤት ልጅ ነኝና እስቲ እኔን ጠይቁኝ። ባዶ ቤት የሚፈራው ረኃብን ብቻ ነው። የሞላ ቤት ግን ምቀኛ ይፈራል፣ ሰካራም ይፈራል፣ ሹም ይፈራል። ሹሙ ጣሊያን የሆነ እንደሆነማ፣ ኧረ ተዉኝ!

ቤታችን ጎንደር፣ ከቀሐ ወንዝ ወዲህ ነበር። እናቴ አትጠገብ ጠጁን ትጥላለች፣ አባቴ ቢምረው ማሩን ከአርማጭሆ፣ ከትክል ድንጋይ ገበያ በበቅሎ ያመጣል፣ እኔ ብርሌ አጥባለሁ። በአገራችን ደንብ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። እናቴ ይህንን እንኳ ለአባቴ ትተወው ነበር። ጠጅ ስትጥል እንጂ ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። የእጇ ጠጅ ሸጋ ነበርና አገሬውም ጣሊያኑም ይጋፋበታል። አባቴን ያስጨነቀውም ይኸው ነው። ለማር ሲሄድ አርበኞቹ «የጣሊያን ጠጅ ቀጂ» እንዳይሉት ይፈራል፤ ሲመለስ ደግሞ ጣሊያኖቹ «የአርበኛ መልእክተኛ» እንዳይሉት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

ደረሰ። ያውም በስቅለት ዕለት።

እናቴ ከሐሙስ ማታ ጀምራ አክፍላለች። ያከፈለ ሰው እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልም ውሃም አይቀምስም። ነጠላችንን ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንወጣ ስንል በሩ ተደበደበ። አንድ ካፒቴን ከወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር ገባ። አስተርጓሚው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ለጣሊያን ካደረ ወዲህ ግን ሰው ሰላምታ ነፍጎታል።

«በዚህ ሳምንት እዚህ የጠጡ ወታደሮች ሆዳቸውን ታመዋል» አለ መሬት መሬት እያየ። «ማሩ ደግሞ አርበኞቹ ካሉበት ከአርማጭሆ ነው የሚመጣው። ጠጁ ተመርዞ እንዳይሆን ተጠርጥሯል።»

አባቴ ፈጠን ብሎ «እኔ እቀምሳለሁ» አለ። ካፒቴኑ አልተቀበለውም። የተጠረጠረው እሱ ነዋ፤ ጠጥቶ ለመሞት ቆርጦ ይሆናል። የጣለችው ትቅመስ ተባለ።

«እኔኮ አክፍያለሁ!» አለች እናቴ። «ዛሬ ስቅለት ነው!»

እስቲ አሁን አክፍሎትን በጣሊያንኛ ንገሩ! አስተርጓሚው እያላበው የቻለውን አለ። ካፒቴኑ ግን ሳቀ። የእነሱ ፋሲካ አልፎ ሰንብቷል፤ ሴትዮዋ ትዋሻለች። «እንግዲያው አንተ ቅመስ» ብሎ ብርሌውን ለአስተርጓሚው ዘረጋለት።

አስተርጓሚው አመድ መሰለ። ወደ እናቴ ዘንበል ብሎ «እትዬ፣ እኔም አክፍያለሁ» አላት በሹክሹክታ። ወዲያው ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ሆዱን ጨበጠና አመመኝ አለ። አይ ያ ልጅ! በሆድ ሕመም በተከሰሰ ቤት ውስጥ ቆሞ ሆዴን አመመኝ ይባላል? ወታደሮቹ አባቴን ግራና ቀኝ ያዙት።

በዚያ ዘመን የተወሰደ ሰው እንደማይመለስ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እናቴ አባቴን አየችው። «ምነው ጌታዬ፣ በዛሬው ቀን?» አለች። አማተበችና ብርሌውን ጨለጠችው።

ካፒቴኑ መች በዚህ ይረካል? ከሦስቱም ጋን ትጠጣ አለ። ጠጣች። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስክትሞት ይጠብቃት ጀመር። ጠጁን ስትጥል አጠገቧ የነበርኩት እኔ፣ አንዳች ነገር እንዳልገባበት እያወቅሁ፣ ዓይኔን ከፊቷ መንቀል አቃተኝ። ጥርጣሬ እንደ እከክ ይጋባል። እናቴ ፊቷ ቀላ፣ ሻሿ ተንሸራተተ፣ ዓይኗ ተንከራተተ። አልሞተችም። ካፒቴኑ አንድ ብርሌ ጠጣ፣ «ቡኖ!» ብሎ ጠጁን አደነቀ፣ አባቴንም ለቀቀው።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እናቴ ለስግደት እንደወደቀች ቶሎ አልተነሳችም። «አቤት የአትጠገብ ስግደት!» አሉ ጎረቤቶቻችን። ማታ ላይ ቄሱ ሕዝቡን በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ስግደት ሲያዙ፣ ቀርባ እያለቀሰች ተናዘዘች። ሽታው ቀድሟት ደርሷል። «አይዞሽ ልጄ፣ ነፍስ ያተረፈ ጾም አልፈረሰም» አሏት። እሷን ግን አላሳመኗትም፤ ልቧ ቆስሎ ቀረ።

ቤቱ ግን ቀናው! ባለቤቷ ራሷ ቀምሳ ትቀዳለች የሚለው ወሬ ተነዛና መኮንኑ ሁሉ ጎረፈ። ሁሉም ታዲያ «ቅመሺ» ነው የሚላት። ጾም ሲገባ እናቴ «ማር ጠፋ» ብላ በሯን ትዘጋለች። አስተርጓሚውም እውነቷን ነው እያለ ይተረጉምላታል። እሷም ሰላምታዋን መለሰችለት።

ጣሊያን ጎንደር ላይ ድል የሆነ ሰሞን የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። አንድ ጧት ጎፈሬያቸውን ያሳደጉ የአርማጭሆ አርበኞች ቤታችን መጡ። እናቴ ለጾሙ የዘጋችውን በር ከፍታ፣ ጠጅ ቀድታ፣ እልል ብላ ተቀበለቻቸው። አለቃቸው አያ ውበቱ ግን አልሳቀም።

«እትዬ፣ ይህ እጅ ለጣሊያን ሲቀዳ የኖረ ነው» አላት። «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ።»

አባቴ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔም ያ የስቅለት ጧት ፊቴ ድቅን አለብኝ። እናቴ በቀጭን ድምፅ «ጾም ነው እኮ ወንድሜ» አለች።

«እኛስ ክርስቲያን አይደለንም እንዴ?» አለ አያ ውበቱ እንደመቀየም ብሎ። «ጾሙ እስኪፈታ እንጠብቅሻለን።»

ጠበቁም። ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ የተቀዳውን ጠጅ እያዩ፣ አንዳቸውም ሳይነኩት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጡ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል አያ ውበቱ ብርሌውን በአክብሮት፣ በሁለት እጁ አንስቶ ሰጣት። «በይ እንግዲህ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ጎሽ የኔ ልጆች!» አለች ብርሌውን እየተቀበለች። «ጣሊያን እኮ ጾሜን እስክፈታ እንኳ አልጠበቀኝም።»