የፒክአፗ ምቾት ዐቢይ ኮሚቴ

በካንሳስ የስንዴ ማሳዎች መሃል ባለችው ከተማችን ለምትኖሩ ሁሉ፣ የሚከተለው ታላቅ ጉዳይ ይታወቅ ዘንድ ተጽፏል፦ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች።

የቆመችው በብልሽት እንዳይመስላችሁ። ሞተሯ ይነሳል፤ ፍሬኗ ይይዛል። የቆመችው በዕቅድ ነው።

መኪናዋን ለወይዘሮ ኔልዳ ያወረሷት ስንዴ ሲጭኑባት የኖሩት አባቷ ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ኔልዳ ለባሏ ለአቶ ቨርሊን፣ «የመቀመጫዋ ሞላ ወገቤን ይወጋኛል፤ በሐምሌም ውስጧ ምድጃ ነው። እነዚህን ሁለቱን አስተካክልልኝና በአባቴ መኪና ሥራ ልሂድ» አለችው። ኔልዳ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ናት። የራሷ ትንሽ መኪና ከሞተች ወዲህ የምትሄደው በጎረቤቷ መኪና ነው፤ ጎረቤቷም ደርሶ መልስ ስለ ሐሞት ጠጠሯ ታስረዳታለች።

አርቆ የማያስብ ባል ቢሆን መቀመጫውን በአንድ ቀን ቀይሮ ይገላገል ነበር። አቶ ቨርሊን ግን ኮሚቴ አቋቋመ። ዕድሜ ልኩን ትራክተር ሲሸጥ የኖረው ዶይልና የሒሳብ አስተማሪ የነበረው ጋርላንድ አባል ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱም መቀመጫቸው ወገብ የሚያሞቅ አዳዲስ ፒክአፖቻቸውን ደጅ አቁመው፣ ዶናት እየቆረሱ፣ ስለ ምቾት ይመክራሉ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእነሱ እንቁላል ስድስት ዓመት ሙሉ ጫማ ሲመርጥ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ዓመት ለዝገቱ ተመደበ። ዶይል «ዝገቱ ቅርስ ነው! የነካው ሰው አስከሬኔን ተራምዶ ይለፍ!» ስላለ፣ ዝገቱ እንዳይዝግ ቫርኒሽ እንዲቀባ ተወሰነ። መቀመጫው ሁለት ዓመት ፈጀ፤ የቆዳው ቀለም አላስማማም። የኩባያ ማስቀመጫው ከመሪው በስተቀኝ ይሁን ወይስ በስተግራ በሚለው ላይ ዶይልና ጋርላንድ አንድ ክረምት ሙሉ ተኳርፈዋል።

ያለ ክርክር ያለፈ አጀንዳ አንድ ብቻ ነው። ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ ዘንጓም ከመሪው ሥር ስለሆነ፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ እንዲሆን ተጠየቀ።

«ለኔልዳ ጉልበት ስል ነው» አለ ቨርሊን።

«ጉልበት ክቡር ነገር ነው» አለ ዶይል።

«በሙሉ ድምፅ» አለ ጋርላንድ። ኔልዳ ጉልበቷን አሟት አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ኮሚቴው ለልኬት ሲል መኪናዋን ከጋራዥ ገፍቶ፣ ቁልቁለቱን አንከባሎ በር ላይ አቆማት። ዘወትር የሚመልሷትም ገፍተው ነበር፤ «ሞተሯ እንዳይደክም» ይላሉ። የዚያን ዕለት ግን ጋርላንድ ሆዱን ከተሰፋ ገና ሳምንቱ ስለሆነ ሽቅብ የሚገፋ ሰው ጎደለ። በዚህ መሃል ለየቤቱ ጋዝ የሚያድል ቦቴ መጥቶ በሩ ላይ ጡሩንባውን ነፋ።

«ይቺን አንሱልኝ፤ ሌላ ሦስት ቤት ይጠብቀኛል» አለ ሾፌሩ፣ ወጣት ነው።

«ቨርሊን፣ ያንተ አይደለችም? ንዳት» አለ ዶይል።

«እንግዳ እያለማ ነውር ነው። አንተ ንዳ።»

«መነጽሬን ቤት ረሳሁ።»

«አፍንጫህ ላይ ያለውስ?»

«ይሄ የማንበቢያ ነው። አንተ ጋርላንድ!»

«ስፌት አለብኝ።»

«ሆድህን እንጂ እግርህን ሰፉህ እንዴ?»

ቁልፉ በሦስቱ እጅ ሁለት ጊዜ ዞረ። ሾፌሩ ራሱን አከከ። «አባቶቼ፣ በእጅ ማርሽ መንዳት የሚችል የለም ማለት ነው?»

«አንተስ ትችላለህ?» አለው ቨርሊን፣ ቆጣ ብሎ።

«አልችልም። እኔ ግን ኮሚቴ አይደለሁም።»

ኔልዳ ጫጫታውን ሰምታ እጇን በፎጣ እየጠረገች ወጣች። ቁልፉን ከባሏ እጅ ወሰደች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ፎጣውን አጥፋ ከወገቧ ኋላ ሸጎጠች፣ ፍሪሲዮን ረገጠች፣ ማርሽ አስገባች፤ ሄደች። ከተማችንን አራት ጊዜ ዞራ ስትመለስ ቦቴው ጋዙን ቀድቶ ሊጨርስ ነበር።

«ሰኞ ሥራ የምሄደው በሷ ነው» አለች።

«ኔልዳዬ፣ መቀመጫው እኮ ገና…»

«እናንተ ተወያዩበት፤ እኔ ልቀመጥበት።»

ማታ ሳህን ሲያጥቡ ቨርሊን ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ፣ ፍሪሲዮኑን እንዴት ነው የምትለቂው? ለዕቅዱ ነው የምጠይቅሽ።»

«ነገ በማለዳ ጎተራው ሜዳ ና። አሳይሃለሁ።»

«ሰው እንዳይሰማ አደራ!»

«ከእኔ አይወጣም።»

እሁድ ማለዳ ኔልዳ ቀድማ ወጣች። ቨርሊን በሚያሞቀው መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ጎተራው ሜዳ ሲደርስ፣ ሁለት አዳዲስ ፒክአፖች ቆመዋል። ዶይል ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ጋርላንድ ሆዱን ይዟል።

«ምን ትሠራላችሁ እዚህ?»

«ንጹሕ አየር» አለ ዶይል።

«ሐኪሜ ተራመድ ብሎኝ ነው» አለ ጋርላንድ። «አንተስ?»

ይኼኔ አሮጊቷ ፒክአፕ እንደ ጥንቸል እየዘለለች ከጎተራው ጀርባ ብቅ አለች። መሪውን የጨበጠው የጋዝ ሾፌሩ ነው። አጠገባቸው ስትደርስ ሞተሯ ድርግም ብሎ ጠፋ። ኔልዳ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«እሱ ትናንት በግልጽ ‹አልችልም፣ አስተምሪኝ› አለኝ፤ ቀደመ» አለቻቸው። «እናንተ ሦስታችሁ በምስጢር ነው የጠየቃችሁኝ። በምስጢር ተሰለፉ።»