ደሞዜ ጉናን ሲሻገር

(ደሞዜ ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር፣ የሚስቱ ቤተሰቦች ዘንድ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ዛሬ ከኩዌት የተመለሰችውን የሚስቱን ታናሽ እህት፣ ፈንቴን፣ "ጉናን ላስጎብኝሽ" ብሎ በተከራየው መኪና ይዟት ወጥቷል። ዳገቱን ተያይዘውታል።)

ፈንቴ: ጉናማ ተራራ ነው እንጂ!

ደሞዜ: ከፍ ያለ ሜዳ ነው አልኩሽ! ተራራ የሚባለው ጫፉ ሲሾል ነው።

ፈንቴ: ሜዳ ከሆነ መኪናዋ ለምን ታቃስታለች?

ደሞዜ: አንቺን ተሸክማ ነዋ።

ፈንቴ: ጆሮዬም ተደፈነ ጋሼ።

ደሞዜ: መቼ ተከፍቶ ያውቅና! ያን ያህል ዘመን ኩዌት ኖረሽ ከሰው ሳሎን በቀር ምን አየሽ? ጉብኝት ማለት ይኸ ነው።

ፈንቴ: እኔ እኮ የተወለድኩት እዚሁ ነው።

ደሞዜ: መወለድና ማወቅ ለየቅል ናቸው። ዓሣም ጣና ውስጥ ይወለዳል፤ ካርታ ግን አያነብም።

ፈንቴ: ከተራራው ማዶስ ምን ልናይ ነው?

ደሞዜ: ንፋስ መውጫን። ሙሉሐብት ምሳ አሰናድቶ ይጠብቀናል።

ፈንቴ: እሱ ደሞ ማን ነው?

ደሞዜ: ባለወፍጮው ወዳጄ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ሰው አጥቷል። ሽማግሌዎቹም ተቀምጠዋል፤ ነገሩን ዛሬውኑ እንቋጨዋለን።

ፈንቴ: የምን ነገር?

ደሞዜ: ያንቺን ነዋ! ወይ ዘገምተኛ!

ፈንቴ: እናቴ ታውቃለች?

ደሞዜ: ሲያልቅ ታውቃለች። እናንተ ቤት የሚያስብ ከኔ ሌላ ማን አለና!

(ፈንቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደሞዜ እሺ ያለች መስሎት ልቡ ሞላ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ዙሪያውን ዘጋባቸው፤ እሱ ግን ፎቶ አማረው። የመኪናዋ ፊት ከመንገድ ዳሩ የጅብራ ተክል ጋር እንዲታይለት አዟዙሮ አቆማት፤ ወገቡን ይዞ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ በብርድ እየተንዘፈዘፈ ገብቶ ሞተሩን አስነሣና ቁልቁል ነዳ።)

ፈንቴ: ጋሼ፣ መኪናዋ ፊቷን አዙራለች።

ደሞዜ: አዎ፣ ፎቶው ላይ አምሮባታል።

ፈንቴ: መንገዱን ማለቴ ነው። ገደሉ ቅድም በግራ ነበር፤ አሁን በቀኝ ሆኗል።

ደሞዜ: ስንወጣ በግራ የነበረ ስንወርድ በቀኝ ይሆናላ! ይኸ እኮ የሁለተኛ ክፍል ትምህርት ነው!

ፈንቴ: እንግዲህ አንተ ካልክ።

(ጉሙ እስከ ከተማ መግቢያ ድረስ አልለቀቃቸውም።)

ደሞዜ: ይኸውልሽ፣ ንፋስ መውጫ! እዪማ፣ ከደብረ ታቦር ምን ያህል ወደ ኋላ የቀረ ከተማ ነው!

ፈንቴ: አየሩ ግን ይመሳሰላል።

ደሞዜ: ሰዉ ነው የማይመሳሰለው። ኩርፊያው! ያቻትና ደግሞ አንዷ፣ እንደ በሬ መሃል መንገድ ላይ የምትንቀራፈፍ። (ክላክሱን አንባረቀው።) እማማ! ዞር በሉ እንጂ! የባለወፍጮው የሙሉሐብት ቤት በየት ነው?

(ሴትዮዋ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ዞሩ። የፈንቴ እናት፣ አማቱ ወይዘሮ ዓለሚቱ ናቸው።)

ዓለሚቱ: አንተ ደሞዜ! ጧት ከቤቴ ወጥተህ፣ ከደጄ ቆመህ የማንን ቤት ነው የምትጠይቀኝ? ልጄንስ ከባለወፍጮ ምን አገናኛት?

ደሞዜ: እማማ... እርስዎ ንፋስ መውጫ መቼ መጡ?

ዓለሚቱ: ኧረ በስመ አብ! ደብረ ታቦር ነህ እኮ!

ደሞዜ: (ወደ ፈንቴ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አውቀሽ ነበር?

ፈንቴ: ነግሬህ ነበር።

ደሞዜ: ታዲያ ደግመሽ አትናገሪም?

ፈንቴ: (በሩን ከፍታ እየወረደች) ሊድረኝ ይዞኝ የሄደ ሰው፣ ሳልለምነው በገዛ ነዳጁ እናቴ ደጅ ሲመልሰኝ፣ እንዴት ብዬ መንገድ ላሳስተው?