ግሪኑ ላይ የጠፋው ካርድ

አማርኛችን ከባዕድ የተዋሰውን ቃል ሥራ አያስፈታም፤ ለአንዱ ቃል አምስት ሥራ ይሰጠዋል። «ካርድ» የሚለውን ውሰዱት። ሐኪም ቤት ስንሄድ ካርድ እናወጣለን። ተማሪ ሰኔ ሲደርስ ካርድ ይቀበላል፤ ውጤቱ ካላማረ ደግሞ ካርዱ መንገድ ላይ ይጠፋበታል። የስልካችን ሒሳብ ሲያልቅ ካርድ እንሞላለን። ኳስ ሜዳ ላይ ዳኛ እጁን ኪሱ ከትቶ ካርድ ሲመዝ ግማሹ ሕዝብ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ይሳደባል። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ አሜሪካ፣ ኦክላንድና ሳን ሆሴ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ካርድ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ። ቀለሙን መጥቀስ እንኳ አያስፈልግም። «ካርዷ ወጣላት» ከተባለ እልል ይባላል። «ካርዷን አጣች» ከተባለ ግን ድምፅ ይቀነሳል፣ ጠበቃ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

ይህን ሁሉ የምደረድርላችሁ ራሴን ነፃ ለማውጣት ነው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋውም ድርሻ አለው።

ሁሴንና እኔ ደሴ አብረን ያደግን ሰዎች ነን። ኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ አቁመን ተራ ስንጠብቅ ስንት ዓመት እንደሄደ መቁጠር ትቻለሁ። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ የከተማው የጎልፍ ሜዳ አለ። ሁሴን ልጁን ነጃትን ከትምህርት ቤት አምጥቶ የሚያቆይበት ቦታ ሲያጣ፣ እዚያ መለማመጃው ላይ አንድ ባልዲ ኳስ ገዝቶ ያቆማት ነበር። ባልዲ ኳስ ከሞግዚት ይረክሳላ! አባትየው ጊዜ ያሳልፍልኛል ብሎ የጀመረውን ነገር ልጅቷ የምሯን ያዘችው። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ኳሱን እየመለሰባት፣ አውሮፕላኑ ከአናቷ በላይ እየጮኸ፣ መዳፏ እስኪላጥ መታች። ሳን ሆሴ ዩኒቨርሲቲ በጎልፍ በነፃ ተማረች። ከዚያም ሴቶቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚወዳደሩበት ትልቁ ቱር ውስጥ ገባች። ምን እንደሆነ ባይገባንም ኮራን። ያለ መረዳት መኩራት ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም።

ታዲያ አንድ የታኅሣሥ ከሰዓት ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ ሁሴን ከፍሎሪዳ ደወለ። የልጁን ቦርሳ ተሸክሞ አብሯት ሄዷል፤ የሄዱበትን ነገር ሲነግረኝ «ስኩል» ብሎኝ ስለነበር ማስተርሷን ልትቀጥል መስሎኛል። መስመሩ ይቆራረጣል፣ በላዬ አውሮፕላን እየተነሣ ነው፣ እሱ ደግሞ ሲያዝን ድምፁ ወደ ሆዱ ይገባል። ከመሃል ከመሃሉ የሰማሁት ይኸውላችሁ፦ «ግሪን … ካርዷን አጣች … እንድሪስ፣ አጣች! … አሁን ኮንዲሽናል ናት።» ከዚያ ተቋረጠ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሰሙ ነበር? ነጃት በሁለት ዓመቷ እናቷ አዝላት የመጣች ልጅ ናት። ከመጣች በኋላ ወረቀቷ የት እንደደረሰ ጠይቄም አላውቅ።  ሁለት መንገደኛ ቢመጣልኝም ትቼ ቴሌግራፍ አቬኑ ወደሚገኘው ምግብ ቤት በረርኩ፤ ዶክተር መኮንን ምሳቸውን የሚበሉት እዚያ ነው። ዶክተር በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት የመጡ፣ ስንት ዘመን ምሕንድስና አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእኛን ሰው ቅጽ ሁሉ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ጡረታቸውን በቅጽ ነው የሚያሳልፉት ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ነገሩን ስነግራቸው ጉርሻቸውን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ።

«ኮንዲሽናል ነው ያለህ? ቃሉን በደንብ ሰምተሃል?»

«በደንብ ዶክተር። ኮንዲሽናል ናት አለኝ።»

«እንግዲያው አግብታለች» አሉ። «ኮንዲሽናል፣ ማለትም ቅድመ ሁኔታ ያለበት ካርድ፣ የሚሰጠው በጋብቻ ነው። የሁለት ዓመት ይሰጧታል፤ ከዚያ ከባሏ ጋር ሆና ቅጽ ታስገባለች። የተጣሉ እንደሆነ ነው ችግሩ።»

ዶክተር የተናገሩት ለእኔ ብቻ ነበር። ምግብ ቤቱ ውስጥ ግን ሌላም ጆሮ ነበረ። እስከ መግሪብ ድረስ የባልየው አገር፣ ሥራና ቁመት ሳይቀር ታውቆ ነበር። በቁመቱ ላይ ብቻ ትንሽ አለመግባባት ተፈጠረ።

በሦስተኛው ቀን አባትና ልጅ ሲመለሱ እኔና ዶክተር ሳን ሊያንድሮ ወደሚገኘው አፓርታማቸው ሄድን። ዶክተር ኮት ለብሰዋል፣ ፋይል ይዘዋል። ነጃት ሶፋው ላይ ተቀምጣ የእጇን አንጓ በበረዶ ከረጢት ይዛለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሁሴን ከአጠገቧ ጭንቅላቱን ይዟል። እናቷ ዘይነብ ወጥ ቤት ናት። ይህን ሳይ የሰማሁት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋገጥኩ።

ዶክተር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ አይዞሽ። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። እኛ ልንወቅስሽ አልመጣንም። ባለቤትሽ ቅጹ ላይ እስከፈረመልሽ ድረስ ሁሉም ይስተካከላል።»

ዘይነብ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «የማን ባለቤት?»

«ዌይት፣ ዋት?» አለች ነጃት።

ሁሴን ቀና ብሎ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ ዶክተርን፣ በመጨረሻ እኔን አየ። እኔ ላይ ቆየ። የሰማሁትን፣ የነገርኩትን፣ ሰው የጨመረበትን ሁሉ ዘረገፍኩ። ነጃት ስትሰማ ቆይታ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ስቃ ስቃ ደግሞ አለቀሰች። እኔ በዚያች ሰዓት ከማፈሬ ብዛት ሶፋው ሥር ብገባ ደስ ይለኝ ነበር።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እኔ ሲቲዝን ነኝ» አለች። «የጠፋው የቱር ካርዴ ነው። የጎልፍ! ግሪን ማለት እኮ ጉድጓዱ ያለበት ሣር ነው።»

ከዚያ አንዱን በእንግሊዝኛ፣ አንዱን በአማርኛ እየቀላቀለች አስረዳችን። እኔ ደግሞ በገባኝ መጠን ላካፍላችሁ። የቱር ካርድ ማለት ውድድሩ ላይ ለመሰለፍ የሚያበቃ ፈቃድ ነው፤ ዕድሜውም አንድ ዓመት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የተጫዋቾቹ ስም በውጤታቸው ቅደም ተከተል ይደረደርና መሃሉ ላይ አንድ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በላይ ያለች ለከርሞ ካርዷን ትይዛለች፤ ከመስመሩ በታች የወረደች «ስኩል» ወደሚባለው ትመለሳለች። ስኩል ስሙ ነው እንጂ መምህር የለውም። የመጨረሻው ደረጃ አምስት ቀን ሙሉ የሚመቱበት ፈተና ነው፤ ከፊት የጨረሱት ጥቂቶች ሙሉ ካርድ ያገኛሉ፣ ለጥቂት የሳቱት ደግሞ ኮንዲሽናል። ነጃት በአምስተኛው ቀን፣ በመጨረሻው ግሪን ላይ፣ በሁለት ምት ማስገባት የነበረባትን ኳስ በሦስት አስገባች። አምስት ቀን ተመትቶ ሙሉ ካርዱ በአንድ ምት ቀረባት።

ዶክተር ፋይላቸውን ዘጉ። «እኔ ዲግሪዬን አንዴ ነው የተቀበልኩት» አሉ ቀስ ብለው። «እስከ ዛሬ ማንም መጥቶ እንደገና ተፈተን አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ ወድቄ ነበር።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። የታክሲ ፈቃዴን ሳድስ የምጠየቀው ፎቶ ነው። በየዓመቱ እየነዳህ ከሌላው ሾፌር ትበልጥ እንደሆነ አሳየን ብባል ዛሬ የት እንደምሆን አላህ ያውቃል።

«ታዲያ ኮንዲሽኑ ምንድን ነው?» አልኩ፣ ጥፋቴን በጥያቄ ለመሸፈን።

«ቦታ ካለ መጫወት» አለች። «ሙሉ ካርድ ያላቸው መጀመሪያ ይገባሉ። ከዚያ ተጠባባቂ እንሆናለን። አንዷ ዊዝድሮው ካደረገች፣ ማለት ከቀረች፣ እገባለሁ። ታመመች፣ ምናምን።»

«ካልታመመችስ?»

«ቢሆንም እሄዳለሁ። ጫማዬን አስሬ እዚያ እቆማለሁ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ለጥቂት ቦታ ማጣሪያ አለ፤ እሱን እሞክራለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?» ይህን ብላ በረዶውን ከእጇ ላይ አነሣች፤ ጠዋት ሥራ እንዳለባት ተናግራም ተነሣች። ሥራዋ ያው ያደገችበት ሜዳ ላይ ነው፤ ሰው የመታውን ኳስ በመኪና ትለቅማለች፣ ሲዘጋ የለቀመችውን መልሳ ትመታለች።

ችግር የገጠማት ግን ዘይነብን ነው። ዘይነብ አምስቱንም ወቅት ሰግዳ ለልጇ ዱዓ የምታደርግ ሴት ናት። አሁን ነገሩ ሲገባት ከሰጋጃዋ ላይ ግራ ተጋብታ ተነሣች። «እንዴት ብዬ ነው የምለምነው?» አለችን። «ልጄ ትጫወት ካልኩ የሰው ልጅ ትታመም ማለቴ ነው። እሷስ እናት የላትም?» ብዙ ተመካከርን። ዶክተር እንኳ፣ ክርስቲያን ሆነው፣ አስተያየት ሰጡ። በመጨረሻ ሁሉም የተስማማበት ቃል ተገኘ፦ ለአንዷ ጉንፋን ይስጣት፤ ቀላል፣ ትኩሳት የሌለው፣ ሰኞ የሚለቃት።

በዚያ ዓመት ግን እንደ ጎልፍ ተጫዋቾች ጤነኛ ሕዝብ በምድር ላይ አልነበረም። ነጃት አባቷን ይዛ እየነዳች አሪዞና ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። ደቡብ ካሊፎርኒያ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። አንዲት እንኳ የምታስል ጠፋች። ሁሴን «ጫማዋን አስራ ቆማ ሳያት ታሳዝነኛለች» ይለኝ ነበር፤ እሷን ግን አንድም ቀን «ይብቃኝ» ስትል አልሰማኋትም። ሰኞ ማጣሪያ አንዴ አለፈች፣ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ሚያዝያ ሲገባ ስልክ ተደወለ፤ አንዷ ከውድድር ወጥታለች፣ ነጃት ትምጣ። ዘይነብ ደንግጣ ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀች። አርግዛ ነው። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ለልጇ ይሁን ለሕፃኑ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ነጃት በዚያ በር ገብታ አልወጣችም። አንዱን ውድድር በጥሩ ውጤት ስትጨርስ የተጠባባቂዎቹ ሰልፍ እንደገና ሲደረደር ወደ ፊት መጣች፤ ወደ ፊት ስትመጣ ብዙ ውድድር አገኘች። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲሆን ከዚያች መስመር ሥር አፍንጫዋ ደርሷል። የቀረው አንድ ውድድር ነው። በእሱ ከመስመሩ በላይ ከወጣች ሙሉ ካርድ፣ ካልወጣች ስኩል።

በዚያ ሳምንት ጉንፋን ያዛት።

ቀላልም አልነበረ። ትኩሳት አለው፣ ድምፅ ይዘጋል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ልሰናበታት ስሄድ ቦርሳዋ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዘይነብ ግድግዳ ተደግፋ ገርጥታለች። «በእኔ ዱዓ ነው» ትላለች፣ «ለሰው ልጅ የለመንኩት ለልጄ ደረሰ።» ሁሴን እንድትቀር ለመናት። ዶክተር በስልክ የሐኪም ወረቀት ስለሚባል ነገር ይጠይቃሉ። ነጃት አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገችና ቦርሳውን አነሣች።

«አባዬ፣ ማስነጠስ እኮ እንደ ምት አይቆጠርም» አለች በተዘጋ ድምፅ። «እንሂድ።»

አራት ቀን ተጫወተች። ከመስመሩ አንድ ደረጃ በላይ ጨረሰች። ካርዷን አገኘች፤ ለአንድ ዓመት።

ሲመለሱ ሁሴን የመጀመሪያውን ጠዋት ነገረን። ነጃት ልትመታ ስትዘጋጅ ከገመዱ ወዲያ አንዲት ተጠባባቂ ልጅ ጫማዋን አስራ ቆማለች፤ እናቷም አብራት። ነጃት ሦስት ጊዜ አከታትላ አነጠሰች። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናትየዋ «ብለስ ዩ» አለች፤ ይማርሽ ማለቷ ነው። ነጃት አመሰገነች፣ ኳሱን ሜዳው መሃል ለመሃል ላከችው።

ዘይነብ ይህን ሰማች። ከዚያ የመግሪብ ሰዓት ደርሶ ነበርና ሰጋጃዋን አነጠፈች።

«ለዚያች ልጅም እለምንላታለሁ» አለች። «አላህ ቦታ ይስጣት። ብቻ የእኔ ልጅ ቦታ አይሁን።»