እትዬ እንደገና እና የተጨማደደው ጋውን

በየመሥሪያ ቤቱ የተጣመመ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ግድግዳ ላይ ያዘመመ ሥዕል ካየ ያቃናል፤ የሰው ኮሌታ ተቀልብሶ ካገኘ ሳያስፈቅድ ይመልሳል፤ በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ እንኳ "እግዜር ይማርህ" ከማለቱ በፊት አንሶላውን ያስተካክላል። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ ምናልባት ሰውየው ራሱ ነው።

በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን ማዕረግ ይዘው የኖሩት የቴክኒሻኖቹ አለቃ፣ ክብርት እትዬ እንደገና ነበሩ። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሠርተህ ስታሳያቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩና አንዲት ቃል ይናገራሉ፤ "እንደገና!" አለቀ። "ደህና ነው" ሲሉ የሰማ አንድም ሰው የለም።

ሰንበሌጥ እዚያ የተቀጠረው ገና ጢሙ ሳይሞላ ነው። እጁ ፈጣን፣ ትዕግሥቱ አጭር ነበር። ገና በመጀመሪያው ሳምንት እትዬ "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ" ብለው ተረቱበት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ዛሬ ጸጉሩ ሸብቶ፣ የእሳቸውን ወንበር ወርሶ፣ አሁንም ሰንበሌጥ ነው።

የመጀመሪያ ትምህርቱ ማይክሮስኮፕ አልነበረም፤ ጋውን ማጠፍ ነበር። እጅጌው ወደ ውስጥ፣ ኮሌታው ወደ ውጭ፣ ቁልፉ ወደ ላይ።

"እትዬ፣ ላውንድሪ ነው እንዴ የተቀጠርኩት?"

"የት ነው የተቀጠርከው?"

"ሕዋስ ላይ ነዋ!"

"እና ሕዋስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ምን መሰለህ? ሲወለድ ክር ነው። በቅጡ ሲታጠፍ ለሥራ ይደርሳል። ሲጣመም ግን የራሱ መበላሸት አንሶ የጎረቤቱንም ይዞ ይጣበቃል። ያንተን ጋውን እየው፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ጨምድዶታል። እንደገና!"

ሥራቸው ሕዋሶችን ትንሽ አሙቆ፣ ፕሮቲኖቻቸው ሲጣመሙ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ነበር። እትዬ ይህን የሚያስረዱት የጎረቤት ወሬ በሚያወሩበት ድምፅ ነው። "ሕዋስ ቤቷን የምታውቅ ሴት ናት" ይላሉ። "ጉድ ሲመጣባት መጀመሪያ አዲስ ሥራ ትቀንሳለች። ቀጥላ ረዳቶቿን ትጠራለች፤ እነሱም የተጣመመውን ከሌላው ለይተው እንደገና እንዲታጠፍ ፋታ ይሰጡታል። እምቢ ካለ ምልክት ለጥፋበት ለወፍጮ ትሰጠዋለች። ወፍጮው ካልቻለው ጥግ ላይ ሰብስባ፣ ጠቅልላ ታቃጥለዋለች።"

"ይህ ሁሉ ካልሆነላትስ?"

"ከዚያማ ራሷን ታሰናብታለች፤ ያውም ጎረቤት ሳትረብሽ።" ይሉና ይቀጥላሉ። "የአንጎል ሕዋስ ናት የምታሳዝነኝ። ቆዳ ቢረግፍ ይተካል፤ እሷን የሚተካት የለም ማለት ይቻላል። ረዳቶቿ ሲያረጁ፣ ወፍጮዋ ሲደክም፣ ጥራጊው ይከመርባታል። ሰውየውም የገዛ ልጁን ስም ይረሳል።" ይህን ብለው እጃቸውን ይሰዱና የሰንበሌጥን ኮሌታ ያስተካክላሉ።

ከእጃቸው ያመለጠ የለም። ዳይሬክተሩ እንግዶች አስከትለው ሲገቡ "ይቅርታ፣ ዶክተር" ብለው ከረባታቸውን በሰው ፊት ፈትተው አስረውላቸዋል። ሰንበሌጥ ሲያገባ ደግሞ የሙሽሪትን ቬሎ ሲያቃኑ ዋሉ። እስከ ዛሬ በሠርጉ ፎቶዎች ሁሉ ላይ ከጎን ብቅ ያለ አንድ እጅ አለ። ሚስቱ "ሦስት ሆነን ነው የተጋባነው" ትላለች።

ጡረታ ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጃቸው ለሰንበሌጥ ስልክ ደወለች።

"ወንድሜ፣ እማዬ ቁልፉን ስኳር ዕቃ ውስጥ፣ ስኳሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ጀምራለች። ሐኪሙ ያው... አንተ ታውቀዋለህ።"

ያውቀዋል። ምን እንደሚከመር፣ የትኛው ወፍጮ እንደደከመ ያውቃል። ማወቁ አንድ ስንዝር አላራመደውም።

ቤታቸው ሲደርስ ግን አንድ ነገር አየ። ልጅቷ አዲስ ዕቃ ማስገባት አቁማለች፤ ወንበር እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም። ጎረቤት ተጠርቷል። እትዬ ስኳሩን ቁም ሣጥን ውስጥ አኑረው ዞር ሲሉ፣ አንዱ ድምፁን ሳያሰማ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ሰንበሌጥም ድርሻውን ያዘ። በየእሑዱ ንጹሕ ጋውን አውቆ አጨማድዶ፣ ፌስታል ውስጥ ጎስሮ ይመጣል። ዘንድሮም ማጠፍ ያቃተው መስሎ እትዬ ጭን ላይ ያኖረዋል። እሳቸውም ስሙ ይጠፋቸዋል እንጂ ጋውኑ አይጠፋቸውም።

"ማነው ይህን ያጠፈው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"አታፍርም? እንደገና!"

ልጅቷ ወጥ ቤት ሆና ትስቃለች። ሰንበሌጥም ቀሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያቺን ቃል እስካሉ ድረስ እትዬ አሉ፤ ሒሳቡ ይኸው ነበር።

ባለፈው እሑድ እንደ ልማዱ አኖረላቸው። አንዱ እጅጌ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። እትዬ አዩት፤ ዳበሱት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ለማያውቁት እንግዳ በሚቸር ትሕትና ፈገግ አሉ።

"ደህና ነው፣ የኔ ልጅ።"

ዕድሜውን ሙሉ ሲመኛት የኖረች ቃል ናት።

"የለም" አለ። "የለም፣ እትዬ። ደህና አይደለም። እንደገና!"

ጋውኑን በትኖ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ለወትሮው ችኩል የሆነው ሰውዬ ቀስ ብሎ አንደኛውን እጅጌ ወደ ውስጥ አጠፈ፤ በመዳፉ ደለደለው። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ከጎን አንድ እጅ ብቅ አለ፤ ያ የሠርጉ ፎቶ እጅ። እጅጌውን ከእሱ ነጥቆ አጠፈ። ኮሌታውን ወደ ውጭ ገለበጠ። ቁልፎቹን ወደ ላይ አዞረ። እትዬ ግን በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያዩ ነበር፤ እጃቸው ምን እንደሚሠራ የነገራቸውም ያለ አይመስልም።

ሥራውን ሲጨርስ እጁ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ዐረፈ። ከዚያም ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሳያስፈቅድ፣ የሰንበሌጥን የተቀለበሰ ኮሌታ መለሰ።