የቻይና ልብስ ማስጫ

ማሙሸት፦ የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች። የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም አይነግራችሁም።
ቦጋለ፦ አብሮ አደጉ። ዱባይ ተራ ጫማ ያከፋፍላል። ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ ይታማል።

[የቦጋለ ሱቅ። ከቻይና፣ ከጓንዡ በመጣ የጫማ ጭነት መሃል ተሳስቶ የገባ ካርቶን ተከፍቷል። የወጡት ሁለት ዕቃዎች መሬት ላይ ናቸው፤ አንደኛው የሰው ቁመት የሚያህል፣ ከዳር እስከ ዳር ክር የተወጠረበት ጎባጣ የእንጨት ሳጥን፣ ሌላው ክብ ክብ እንጨቶች በዘንግ የተሰኩበት ትንሽ ነገር። ጓደኛሞቹ የሙዚቃ መሣሪያው የትኛው ነው እያሉ እየተጨቃጨቁ ነው።]

ቦጋለ፦ ክር ያለው እኮ ይሄኛው ነው!

ማሙሸት፦ ክር ያለው ሁሉ ሙዚቃ ከሆነ ለምን ጋቢህን አትደረድርልንም?

ቦጋለ፦ ክራርስ ክር የለውም እንዴ?

ማሙሸት፦ ክራርን ታቅፈዋለህ። በገናን ታቅፈዋለህ። ይሄን ግንድ ማን ያቅፈዋል? ለአንድ ዘፈን አራት ተሸካሚ ልትጠራ ነው?

ቦጋለ፦ እና ምንድን ነው?

ማሙሸት፦ ልብስ ማስጫ።

ቦጋለ፦ ልብስ ማስጫ?!

ማሙሸት፦ ቻይና ሰው እንጂ ግቢ የለም። ቤት ውስጥ ነው የሚያሰጡት።

ቦጋለ፦ [ክሮቹን ከስር የደገፉትን ትንንሽ እንጨቶች እየነካካ] እነዚህስ?

ማሙሸት፦ ካልሲ ከካልሲ እንዳይነካካ።

ቦጋለ፦ ወይ ቻይና! ለካልሲ እንኳን ድንበር አበጀች!

ማሙሸት፦ [ትንሹን ዕቃ አቅፎ] መሣሪያው ይሄ ነው። ጥንታዊ የእስያ መሣሪያ። ስማ! [እንጨቶቹን በመዳፉ ያሽከረክራል። ጉርርርር።]

ቦጋለ፦ የማን ሆድ ነው?

ማሙሸት፦ ጥበብ ነው!

ቦጋለ፦ እስቲ። [ጫማውን አውልቆ እግሩን ይጭንበታል።] ኧረ ማሙሼ! ተረከዜን እንዴት ደስ አለው መሰለህ!

ማሙሸት፦ [ገፍትሮት] አንተ ፋራ! ስንት ንጉሥ የሰማው ዕቃ ላይ፣ በካልሲህ?

ቦጋለ፦ ለእግር የተሠራ መስሎኝ ነው እኮ።

ማሙሸት፦ እግርና ጆሮ መለየት ያቃተው ነው ጫማ ነጋዴ የሚሆነው።

ቦጋለ፦ አሁን ይሄን ለማን ልታሰማው ነው?

ማሙሸት፦ ለእትዬ ሔርሜላ። ቦሌ የእስያ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው። “የምሥራቅ ባህላዊ መሣሪያ ትችላለህ ወይ?” ሲሉኝ “ያደግኩበት ነው” አልኳቸው።

ቦጋለ፦ ያደግከው አብነት ሰፈር አይደለም?

ማሙሸት፦ አብነት ለሰበታ ሰው ምሥራቅ አይደለም? [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ቦጌ፣ ሲዲ ከመጣ ወዲህ ለሰርግ የሚጠራኝ ጠፋ። የሎዛ አባት ደግሞ “ቋሚ ሥራ ለሌለው ልጄን አልሰጥም” ብለዋል። ዛሬ እትዬ በስልክ ይፈትኑኛል። ካለፍኩ ሎዛን አገባለሁ። ከወደቅኩ ሌላ ሰው ያገባታል፤ ሰርጓ ላይ እንኳን አልጠራም፣ ሲዲ ነው የሚከፍቱት።

ቦጋለ፦ አይዞህ ወንድሜ። ግን በዚህ ጉርጉርታ...

ማሙሸት፦ ኤክስፐሪመንታል ይባላል።

ቦጋለ፦ ምን ማለት ነው?

ማሙሸት፦ ሰው ሳይገባው የሚያጨበጭብለት ሙዚቃ።

[ከደጅ ሰው ይጣራል።]

ቦጋለ፦ መጣሁ ጋሼ! የወሊሶው ደንበኛዬ ናቸው፤ የገዛሁትን ጫማ ቶሎ እሰርልኝ ይላሉ። ሲባጎ ደግሞ አልቆብኛል።

ማሙሸት፦ ከማስጫው ቁረጣ! አንተ ካልሲህን አጥበህ ታውቃለህ?

[ስልክ ይጮኻል።]

ማሙሸት፦ እትዬ ሔርሜላ! ጤና ይስጥልኝ! ዝግጁ ነኝ፤ ስልኩን ካርቶን ላይ ላስቀምጠው። [በሹክሹክታ] ቦጌ፣ ሥራህን ሥራ፣ ትንፍሽ እንዳትል! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

[ዓይኑን ጨፍኖ ያሽከረክራል። ጉርርርር። ከኋላው ቦጋለ ጠንካራ ክር ፍለጋ ክሮቹን አንድ በአንድ ሳብ እያደረገ ይለቃል። ድንንን... ዲን... ዱንንን... ሱቁ በዜማ ይሞላል።]

ማሙሸት፦ [ዓይኑን ሳይገልጥ] ስልኩን አንስተህ ስማቸው፤ እጄ ተይዟል።

ቦጋለ፦ [በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ፣ በሌላው ክር እየሳበ] አቤት እትዬ... እሺ... ማሙሼ፣ እንባዬ መጣ ይላሉ!

ማሙሸት፦ ከምኑ?

ቦጋለ፦ ከደስታው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም።

ማሙሸት፦ [ይበልጥ እያሽከረከረ] አላልኩህም?

ቦጋለ፦ አንድ ነገር ብቻ አስቸግሯቸዋል።

ማሙሸት፦ ምን?

ቦጋለ፦ “ጄኔሬተሩን አጥፉልኝ” ይላሉ።

[ማሙሸት እጁን ያነሳል። ጉርጉርታው ይቆማል።]

ቦጋለ፦ አሁን ጠፋ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለዋል።

ማሙሸት፦ የምን ጄኔ... [ዞር ሲል ቦጋለ ፒንሳውን ክር ላይ አድርጓል።] ቦጋለ! እንዳትቆርጥ!

[ጧ!]

ቦጋለ፦ ምን አልክ?

ማሙሸት፦ [ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ] ልብስ ማስጫ አይደለም!

ቦጋለ፦ ታዲያ ማን ነው ነው ያለው?

ማሙሸት፦ ዞር በል! ባለሙያው እኔ ነኝ! [በተረፉት ክሮች ሞቅ ያለ የሰርግ ምት ይመታል።] እሺ፣ ምን አሉ?

ቦጋለ፦ “ማን ሊያገባ ነው?” ይላሉ። የቅድሙ ሰውዬ ይመለስ ብለዋል።

ማሙሸት፦ እሱ ምንም አያውቅም በላቸው!

ቦጋለ፦ እትዬ፣ የቅድሙ እኔ ነኝ። ሙዚቃ አልችልም። ሲባጎ አልቆብኝ ጠንካራ ክር እየፈለግኩ ነበር... እ?... እሺ፣ እመጣለሁ።

ማሙሸት፦ ምን አሉህ?

ቦጋለ፦ “አፈላለግህ ነው ደስ ያለኝ” አሉ። ማታ ማታ እየሄድኩ እንድፈልግላቸው ነው።

ማሙሸት፦ [ዘጭ ብሎ] አለቀልኝ! ሎዛዬ ሄደች!

ቦጋለ፦ [በስልኩ] እትዬ፣ ጓደኛዬንስ?... የለም፣ ጄኔሬተር አይደለም፣ እሱ ነው፣ በእጁ ነው... ነዳጅ? ኧረ ሽሮ ነው የሚበላው... ውይ፣ ተባረኩ! [ስልኩን ዘግቶ] ተነስ፣ ተቀጥረሃል!

ማሙሸት፦ በምን?

ቦጋለ፦ በጄኔሬተርነት። መብራት ሲጠፋ ጓዳ ቁጭ ብለህ ጉርርር ታደርጋለህ፤ እንግዳው ጄኔሬተር የተነሳ መስሎት ተረጋግቶ ይጠብቃል።

ማሙሸት፦ ለሎዛ አባት ምን ልበላቸው? ቋሚ ነው?

ቦጋለ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ነው ያሉት።

ማሙሸት፦ አየህ! ቋሚ አይደለም!

ቦጋለ፦ አንተ ደግሞ ነገር ቶሎ አይገባህም! በእኛ አገር መብራት፣ ከዚህ በላይ ቋሚ ሥራ ከየት ልታመጣ ነው?